ዮውሃንስ አርፏል

በልጅነቴ ቅዳሜ ማለት የጉሎ ዘይት ሽታ ነበር። እናቴ አልፎ አልፎ ፀጉሬን የምትቀባኝ ያው ዘይት፣ ሞተር ውስጥ ገብቶ ሲቃጠል ሌላ ነገር ይሆናል፤ ጣፋጭ፣ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ልብስ ላይ ከተቀመጠ በሁለት እጥበት የማይለቅ። ከኦክላንድ ተነስተን፣ ፍሪዌዩን ይዘን፣ ሄይዋርድን አልፈን ሳን ሆዜ የትርኢት ሜዳው በር ላይ ስንደርስ ገና መስኮቱ ሳይከፈት ይሸተኛል።

አባቴ አምሐ በሥራ ቀን የከተማ አውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነበር። ቅዳሜ ግን የሞተር ሳይክል ውድድር ይመራል። ሞላላ የአፈር ሜዳ ላይ አራት ሰው አራት ዙር ይሮጣል፤ ሞተሮቹ ፍሬን የላቸውም። ኩርባው ላይ ሲደርሱ ግራ እግራቸውን መሬት ላይ ጥለው፣ የኋላ ጎማቸውን እያንሸራተቱ፣ አፈር እየረጩ ይዞራሉ። ውድድሩን የሚያዘጋጁት ሚስተር ዴል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አባቴን መጀመሪያ የቀጠሩት ሜዳውን ውሃ የሚያጠጣውን ቦቴ እንዲነዳ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የማስጀመሪያውን ገመድ የሚለቀውም፣ ቀዩን መብራት የሚያበራውም፣ «ዛሬ ይበቃል» የሚለውም እሱ ሆነ።

እናቴ ፀዳለ አዲስ አበባ ነርስ ነበረች። ኦክላንድ ውስጥ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜ ደግሞ ከአምቡላንሱ ሰዎች ጋር ሜዳው መሃል ትቀመጣለች። እኔን የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ፣ ሚስተር ዴል ማይክሮፎን ይዘው የሚቀመጡባት የእንጨት ማማ ላይ አብሬያቸው እውላለሁ። ወይንሸት ማለት ስለሚከብዳቸው ዊኒ ይሉኛል። በማማዋ መስኮት ሁሉም ነገር ይታየኛል። የሚታየኝ ነገር ምን እንደሆነ ግን ሁልጊዜ አይገባኝም ነበር።

ያን ሁሉ መንገድ የምወደው በዮውሃንስ ምክንያት ነው። አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ በሱዳን በኩል የመጣ ልጅ ነው። ከአባቴ ጋር ጋራዥ ይሠራል፣ እኛ ቤት የጓሮውን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፣ ቅዳሜ ይወዳደራል። እናቱ እማማ ሓረጉ ሄይዋርድ ውስጥ ትንሽ አፓርትመንት ነበራቸው። ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዘን ውስጥ ሥራ እንደሚገባ ነው የሚያውቁት።

«መቼ ነው የምትነግራቸው?» ትለዋለች እናቴ መኪና ውስጥ።

«ሲዝኑ ይለቅና።»

«ባለፈውም እንዲሁ ነበር ያልከኝ።»

«የሁለት ወንድሞቼን መርዶ ሰምታለች፣ ፀዳለ። ሦስተኛው ልጅሽ ፍሬን የሌለው ሞተር በፈቃዱ ይነዳል ልበላት?»

መርዶ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት አያቴ አዲስ አበባ የሞቱ ጊዜ ነው ያወቅኩት። ሰዎች በማለዳ ቤታችን መጡ። ጥቁር ለብሰው፣ ስለ አየሩ እያወሩ፣ እናቴን ዓይን ዓይኗን ሳያዩ ተቀመጡ። ከዚያ አንዱ «አባባ አረፉ» አላት። እናቴ ጮኸች። እኔ ማረፍ መተኛት መስሎኝ «መቼ ነው የሚነሱት?» ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኩ። ጎረቤታችን ጥግ ወስዳ፣ አረፈ ማለት ሞተ ማለት እንደሆነ አስረዳችኝ። እናቴ በቀን አሥር ጊዜ «አርፈሽ ተቀመጪ» ትለኝ እንደነበር፣ ያም ያው ቃል እንደሆነ አላስተዋልኩም። ቃሉን በአንድ ትርጉም ያዝኩት፤ እንደያዝኩትም ቀረሁ።

ነሐሴ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ውድድሮች አንድ ተወዳዳሪ እጁ ተሰበረና አምቡላንሱ ይዞት ሄደ። አምቡላንስ ሜዳው ላይ ከሌለ ውድድር አይካሄድም፤ ሕጉ ነው። ስለዚህ ሁሉም ቆመ። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ሚስተር ዴል በማይክሮፎን ቀልድ ሲጨርሱ ሰዉ ማፏጨት ጀመረ፤ ቀጥሎ የጣውላ መቀመጫውን በእግሩ መደብደብ። አባቴ ብቻውን ሜዳውን አቋርጦ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሄደና በጫማው መሬቱን ጫን ጫን አደረገ። መሬቱን የሚደለድለውን ትራክተር አየ። ሰዉን አየ። አምቡላንሱ በበሩ ሲገባ ጭብጨባው ቀለጠ፤ አባቴም ወደ ማስጀመሪያው ተመለሰ። እኔ ያየሁት ጫማው መጨቅየቱን ብቻ ነው፤ እናቴ እንደምትቆጣው አሰብኩ።

ዮውሃንስ በሁለተኛው ዙር እየመራ ነበር። ኩርባው ላይ የኋላ ጎማው የሆነ ነገር ይዞ ያስቀረው ይመስል ቆም አለና፣ ሞተሩ በኋላ እግሩ እንደሚቆም ፈረስ ተነሳ። የጣውላው አጥር ሲሰበር ድምፁ ማማው ድረስ መጣ። ቀዩ መብራት በራ። ሌሎቹ ሞተራቸውን አጠፉ፤ ያን ያህል ሕዝብ ያለበት ሜዳ እንዲያ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ ቦርሳዋን ይዛ ሮጠች። ተንበረከከች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ሰማያዊ ጃኬቷን አውልቃ ፊቱ ላይ አደረገችው።

ሚስተር ዴል ማይክሮፎኑን በመዳፋቸው ከድነው፣ በሌላው እጃቸው ጭንቅላቴን ወደ ሆዳቸው አዞሩት። ሸሚዛቸው ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይሸታል። «ዶንት ሉክ፣ ዊኒ» አሉኝ። ግን አይቻለሁ። ፊቱ የሚሸፈን ሰው ምን እንደሆነ ደግሞ በቴሌቪዥን አውቃለሁ።

ካደግኩ በኋላ እናቴን ስለ ጃኬቱ ጠየቅኳት። ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባት። «ፀሐይዋ እኮ ልትጠልቅ ስትል ቀጥታ ዓይኑ ውስጥ ገባች» አለችኝ። «አንገቱን እንዳያዞር ነግሬዋለሁ። ታዲያ በምን ልከልልለት?»

እሷ በአምቡላንሱ አብራው ሄደች። አባቴ ማማው ላይ ወጥቶ ለሚስተር ዴል «ዛሬ አበቃ» አላቸው፤ እጄን ይዞ ወደ መኪናው ወሰደኝ። በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም። የሄይዋርድ መውጫ ላይ ስንደርስ መብራት አሳይቶ ወደ ቀኝ ያዘ፤ ግማሽ ከገባ በኋላ መለሰና ቀጥ ብሎ ነዳ። መንገዱ የጠፋው መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት እናቴ ከሆስፒታል ስትገባ ነቃሁ። ዓይኗ ቀልቷል። ኩሽና ውስጥ ቆማ ስልክ ደወለች፤ እኔ በሩ ጀርባ ነበርኩ።

«ጋሽ ጸሃየ፣ ፀዳለ ነኝ። አዎ... ሲሰቃይ ነው ያደረው። አሁን ግን አርፏል። አዎ፣ አርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እግዚአብሔር ይመስገን የሚለው አልገረመኝም፤ ትልልቅ ሰዎች ሁሉም ነገር ላይ ይሉታል።

የጓሮውን ክፍል ከፍቼ ገባሁ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። የጋራዥ ጫማው አልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አንዱ ማሰሪያ ተፈትቷል። አሰርኩለት። መሬቱ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ እናቴ መጣችና «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። «ናቲንግ» አልኳት። ካልተነገረኝ፣ እስኪነገረኝ መጠበቅ እንዳለብኝ ነው የማውቀው። አያቴም ከሞቱ ከሳምንት በኋላ ነበር ለእናቴ የተነገራት።

አቶ ጸሃየ ወዲያው መጡ። አልባኒ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ ሁሉም ሰው ነገር ሲገጥመው የሚደውልላቸው ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጡ ሲሉ ስለተደወለላቸው ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ለእኔ ግን ጥቁር ልብስ የመርዶ ልብስ ብቻ ነበር።

«እንዴት አድርገን ነው የምንነግራቸው?» አለ አባቴ። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞታል።

«ቀስ ብለን ነዋ» አሉ አቶ ጸሃየ። «ጠዋት መሆኑ ጥሩ ነው። ከመጋዘን መሰላል ላይ ወደቀ እንበላቸውና ሌላው ቆይቶ ይደርሳል።»

«እኔ መግባት አልችልም፣ ጋሽ ጸሃየ።»

«አንተ መኪና ውስጥ ሁን። ፀዳለና እኔ እንገባለን። ልጅቷም ትምጣ፤ ሕፃን ሲያዩ ልባቸው ይረጋል።»

እማማ ሓረጉ በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው በራ። ቀጭን፣ አጭር ሴት ናቸው፤ እጃቸው እርጥብ ነበር፣ ምስር ይለቅሙ ነበር መሰለኝ። እኔን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳሙኝና ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ። አቶ ጸሃየ ስለ ሙቀቱ ጀመሩ። እናቴ ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ጨመረች። አቶ ጸሃየ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዞራሉ። አየሩ፣ ጥቁሩ ልብስ፣ መሬት መሬት ማየቱ፤ ሁሉም እንደ አያቴ ቀን ነበር። ብርቱካኑን መዋጥ አቃተኝ።

እማማ ሓረጉ አንዱን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይንሸትዬ፣ ዮውሃንስ እንዴት ነው? እናንተ ቤት አይደል የሚያድረው?»

ማንም አልቀደመኝም። በአማርኛ የማውቀውን በጣም ጨዋ ቃል ፈልጌ ነገርኳቸው።

«አረፈ» አልኳቸው።

እማማ ሓረጉ አልጮኹም። የተቀመጡበት ሶፋ እንደማይችላቸው ሁሉ ወደ መሬት ወረዱ፤ «ወደይ» የምትል ቃል ብቻ ወጣች፣ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። አቶ ጸሃየ «ኧረ! ኧረ!» እያሉ ተነሱ፤ ባርኔጣው ተንከባለለ። እናቴ ከፊታቸው ተንበርክካ ጉንጫቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አልሞተም። እማማ፣ ይስሙኝ፣ አልሞተም። ጭኑና ዳሌው ነው የተሰበረው። ማታ አነጋግሮኛል።»

«ማይልኝ።»

«ወይንሸት ትሙት» አለች እናቴ፣ እጇን አናቴ ላይ አድርጋ።

በዚያ ጠዋት የምሰማው ሁሉ ሞት ነበር፤ አሁን ደግሞ የእኔ ተጨመረ። ግን «አልሞተም» የሚለውን ሰምቻለሁ። ብርቱካኑን ከአፌ አውጥቼ በእጄ ይዤ፣ ድምፅ አውጥቼ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ተሰብሮ ብቻ ነው?» አሉ እማማ ሓረጉ።

«ተሰብሮ ብቻ።»

«ብቻ» አሉ እሳቸውም፤ ቃሏን እንደሚቀምሷት ሁሉ ደጋግመው። «ብቻ። ተሰብሮ ብቻ። ተመስገን፣ ተመስገን አምላኬ።» እንባቸው እየወረደ ሳቁ። አቶ ጸሃየ በመንገዱ ሁሉ እያሰቡ የመጡበት የመሰላል ታሪክ ከአፋቸው ሳይወጣ ቀረ። የልጃቸው ዳሌ መሰበሩን እንዲያ እየሳቁ የሚሰሙ እናት ዓለም ላይ ሌላ ይኖራሉ ብዬ አላስብም።

በኋላ ነው እኔን ያዩኝ።

«አንቺስ፣ ማን ነገረሽ?»

በግማሽ አማርኛ፣ በግማሽ እንግሊዝኛ ነገርኳቸው፤ ጃኬቱን፣ ስልኩን፣ ማሚ «አርፏል» ማለቷን። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እማማ ሓረጉ ግን ከመሬት ሳይነሱ ጎተቱኝና ጭናቸው ላይ አስቀመጡኝ።

«ከትናንት ጀምሮ ብቻሽን ይዘሽው ነበር?» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙኝ። ዮውሃንስ የሞተብን ሰዎች እኔና እሳቸው ብቻ ነን፤ ያን ጠዋት ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ነው መልሰን ያገኘነው።

አባቴ ታች መኪናው አጠገብ ቆሟል። እማማ ሓረጉ በቤት ነጠላ ጫማቸው ደረጃውን ወርደው ወደ እሱ ሲሄዱ፣ ሊመቱት መስሎኝ እጁን ለመያዝ ሮጥኩ።

«እማማ ሓረጉ» አለ። «መሬቱ ተቦርቡሮ አይቼ ነበር። ትራክተር ማሳለፍ ነበረብኝ። ሰዉ ሲጮህብኝ ተውኩት።»

«ምን መሬት?»

ያኔ ሁሉንም ነገራቸው። ውድድሩን፣ ቅዳሜዎቹን፣ መጋዘን የሚባል ነገር አለመኖሩን። አቶ ጸሃየ ሊያስቆሙት በክርናቸው ቢጎስሙትም አልቆመም። እሳቸው እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ የኋላውን በር ከፍተው ገቡ።

«ሆስፒታል ውሰደኝ» አሉት። «የቀረውን በመንገድ ትነግረኛለህ።»

ሆስፒታል ውስጥ ልጆች ወደ ክፍሎቹ አይገቡም ነበር፤ አንዲት ነርስ አዘነችልኝና በሩ ድረስ አደረሰችኝ። ዮውሃንስ እግሩ በገመድና በክብደት ተሰቅሎ፣ ከንፈሩ ደርቆ ተኝቷል። ሲተነፍስ ደረቱ ከፍ ዝቅ እንደሚል ቆሜ አየሁ። እናቱን ሲያያቸው ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሳቸው ብርጭቆውን አንስተው ቀጭኗን ቧንቧ ከንፈሩ ላይ አደረጉለት።

«እማ፣ እኔ እኮ...»

«ጠጣ። ስትድን እንጣላለን።»

ዮውሃንስ የቅዝቃዜውን ወራት በሙሉ ሄይዋርድ እናቱ ቤት ነበር። ሲድን እንደተባለው ተጣሉ፤ ጎረቤት እስኪሰማ። እኛ ቤት ደግሞ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮ ወጥቶ ምንም ሳይሠራ ይቀመጥ ጀመር። ሚስተር ዴል ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባርኔጣቸውን እንደያዙ ተመለሱ። አባቴ የታመመ መስሎኝ ግንባሩን በእጄ እየነካሁ ሙቀቱን እለካ ነበር። ዝም ብሎ ያስለካኛል። ታሞ እንዳልነበረ ያወቅኩት፣ እኔም ልጅ ወልጄ ጥፋቴ እንቅልፍ የነሳኝ ጊዜ ነው።

ሚያዝያ ሲገባ እማማ ሓረጉ ብቻቸውን በባቡር ኦክላንድ መጡ። ውሃ እንኳ ሳይቀበሉ አባቴ ፊት ተቀመጡ።

«መልሼ እነዳለሁ አለኝ» አሉ። «ለመንኩት፣ ገዘትኩት፣ እምቢ አለ። የአባቱ ግትርነት ነው።»

«እኔ ትቼዋለሁ፣ እማማ።»

«ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነው የመጣሁት። የሚያስጀምረው ሰው የሚፈራ ሰው እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሌላ ሰው ቢያመጡ አይፈራም፤ አንተ ግን ፈርተሃል። አንተ ትሆናለህ።»

አባቴ ያልተቀበሉትን ውሃ አንስቶ ራሱ ጠጣው።

«እኔም እመጣለሁ» አሉ። «ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳላይ ከምፈራ፣ አይቼ ልፍራ።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከእኛ ጋር ሄዱ። እናቴ አምቡላንሱ አጠገብ ተጣጣፊ ወንበር ዘረጋችላቸው፤ ያን ቀን እኔም ማማው ላይ አልወጣሁም፣ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የሞተሩ ጩኸት ሲመጣ ጆሯቸውን ሳይዙ፣ ፊታቸው ላይ የተረጨውን አፈር በጫፉ እየጠረጉ ተቀመጡ። ዮውሃንስ ገና ተራው አልደረሰም።

ከእሱ በፊት በነበረው ውድድር ከጊልሮይ የመጣ፣ ጺሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ወደቀ። ቀዩ መብራት በራ። እናቴ ስትሮጥ እማማ ሓረጉም ተነስተው ተከተሏት። ማንም አላስቆማቸውም። እናቴ የልጁን ትከሻ ስታይ «ጭንቅላቱን ይያዙልኝ፣ እንዳይነቃነቅ» አለቻቸው። እርጥብ አፈር ላይ ተንበርክከው በሁለት መዳፋቸው መሃል ያዙት።

«አይዞህ» አሉት። «እናትህ የት ናት? ትመጣለች። አትነቃነቅ እንጂ።»

ልጁ አንድም ቃል እንዳልገባው ግልጽ ነው። ቢሆንም ከታች ወደ ላይ እያያቸው «የስ ማም» አለ፣ አልተነቃነቀምም። ትከሻው ብቻ ነበር የወለቀው። በገዛ እግሩ ቆሞ ሲወጣ ሰዉ አጨበጨበለት።

አባቴ ትራክተሩን አስወጣ። ሰዉ አፏጨ። ትራክተሩ ኩርባዎቹን አንድ በአንድ እስኪጨርስ አባቴ ጀርባውን ለፉጨቱ ሰጥቶ ቆመ። ከዚያ አራቱ ተወዳዳሪዎች ገመዱ ጋ ተሰለፉ፤ ከውስጥ በኩል ሁለተኛው ዮውሃንስ ነው። አባቴ ማስጀመሪያው ላይ እጁን ዘረጋ። አልተጫነውም። ሜዳውን አሻግሮ ወደ እኛ ያይ ነበር።

እማማ ሓረጉ ጉልበታቸው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ አላራገፉም። ልጃቸውን አዩ። ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው አንዴ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ገመዱ ሲነሳ ውድድሩን አላየሁም፤ እሳቸውን ነበር የማየው። እጄን አጥንቱ እስኪያመኝ ጨምቀው ይዘውታል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አራቱ ዙር እስኪያልቅ ግን ዓይናቸውን አንዴም አልጨፈኑም። ዮውሃንስ ሦስተኛ ወጣ። እሳቸው ማን እንዳሸነፈ አልጠየቁም።